ሌሊቱን አስቀድሙ፤ ልጆችን ይዞ ወደ መንዝ ጓሳ ለመውጣት

(በደብረ ብርሃን ለወላጆች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

ክቡራን ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ልጆቻቸውን ይዘው በሰሜን ሸዋ ደጋ ወዳለው የሣር ምድር ወደ መንዝ ጓሳ ለመውጣት የሚያስቡ ቤተሰቦች አስቀድመው የሚጠይቁት ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የት እንደሚታይ ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ልጆቹ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድሩ ነው። ቀን ቀን ፀሐይ ታግዛለች፤ ልጅም ሲሮጥ ይሞቀዋል። ሌሊት የሚያግዛችሁ ጭናችሁ የወጣችሁት ብቻ ነው። ሲንቀጠቀጥ ያደረ ልጅ በማግስቱ አይበላም፣ አይራመድም፣ ዓይኑ ሥር ጭላዳ ቢመጣም ደስ አይለውም። ብዙ ቤተሰብ ሁለት ሌሊት ሊያድር ወጥቶ በአንድ ሌሊት የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከሌሊቱ ተነሥቶ ወደ ቀኑ ይሄዳል።

ከፍታውን በቁጥር እንየው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህች ያለንባት ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትርን ታልፋለች። የጓሳ ምድር ከ3,200 ተነሥቶ እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በክረምታቸው ልጆቻቸውን ይዘው በበረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ወደ አልፕስ ተራሮች ይወጣሉ። ከዚያ አካባቢ በከፍታው የታወቀው የፈረንሳዩ የበረዶ መንሸራተቻ መንደር ቫል ቶራንስ 2,300 ሜትር ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ማለት ነው። ሰዎቹ ቀን 3,200 ሜትር ድረስ ወጥተው ይንሸራተቱና ማታ ወርደው ይተኛሉ። እኛ ዘንድ የሚንሸራተቱበት በረዶ የለም፤ ጓሳ የሚያድር ቤተሰብ ግን እነርሱ ቀን ብቻ ደርሰው በሚመለሱበት ከፍታ ላይ ይተኛል። ሰውነትን ይበልጥ የሚፈትነው ደግሞ ከፍ ብሎ መዋሉ ሳይሆን ከፍ ብሎ ማደሩ ነው።

በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን አዲስ አበባ ላይ በባሕር ዳርቻ ከሚገባው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጓሳ ላይ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ሰውነት ይህን ይለምደዋል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ ካላገኘ በደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ውስጥ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የደረሰ ቤተሰብ ሕመሙ የሚጀምረው ሊተኛ ሲል ነው ማለት ነው። አፉን የፈታ ልጅ "ራሴን አመመኝ" ይላል። የሁለትና የሦስት ዓመቱ ግን ያለቅሳል፣ ምግብ ይገፋል፣ መጫወቻውን ይተዋል። ወላጅም መንገድ አድክሞት ነው ብሎ ያልፈዋል። እባካችሁ እንዲህ አትለፉት። እዚያ ከፍታ ላይ የተነጫነጨ ሕፃን ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ ከፍታው እንዳመመው ቁጠሩት።

መከላከያው የጉዞው አወጣጥ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። አዲስ አበባ የሚኖር ቤተሰብ በከፊል የለመደ ነው፤ ቢሆንም አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን ቢያድር ጉዞውም ይከፈልለታል፣ ልጆቹም ይረጋጉለታል። ከአዳማ፣ ከድሬዳዋ፣ ከሐዋሳ ለሚመጣ፣ እንዲሁም በአውሮፕላን ከውጭ ለገባ ቤተሰብ ግን የደብረ ብርሃኑ አዳር የግድ ነው፤ ሁለት ሌሊት ቢሆን የተሻለ። እኔ የምመክረው የሦስት ሌሊት ጉዞ ነው፦ አንደኛውን ደብረ ብርሃን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጓሳ። በቅዳሜና እሑድ ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ልጅ ላለው ሰው ግን አይመከርም። የደረሳችሁበት ቀን ሙሉ በሙሉ የዕረፍት ነው፤ ተራራ አይወጣበትም፣ ውድድር አይሮጥበትም።

ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ልጅ ካለ ጉዞውን አስተላልፉት። የታመመ ሳንባ ከፍታ ላይ ፈሳሽ የመቋጠር ዕድሉ ይጨምራል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ልጅ፣ ነፍሰ ጡር እናት፣ ደም ግፊታቸው ያልተረጋጋ አያት ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይውጡ።

አሁን ካርታው ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ከፍታ ያመመው ሰው ዋናው መድኃኒቱ መውረድ ነው። ከጓሳ የሚነሣ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ቢዞር መንገዱ ለብዙ ኪሎ ሜትር አምባ ለአምባ ይሄዳል፤ የሚያወርደው ትንሽ ነው። የጓሳው መንገድ ከዋናው አስፋልት በሚገናኝበት ጣርማበር ላይ ወደ መኪና መተላለፊያው ዋሻ ታጥፎ ወደ ደብረ ሲና ቢያልፍ ግን ቁልቁለቱ ወዲያው ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ታች ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ቶሎ መውረድ ያስፈለገ ዕለት አቅጣጫችሁ በዋሻው ወደ ደብረ ሲና ነው። ምልክቶቹን ልብ በሉ፦ ቀጥ ብሎ መሄድ አቅቶት የሚንገዳገድ፣ የሚናገረው የተምታታበት፣ ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ሰው እስኪነጋ አይጠበቅም። መኪናው በሌሊትም ቢሆን ይነሣል። ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ማረፍ፣ ውሃ መጠጣትና ፓራሲታሞል ይበቃል፤ በማግስቱም ካልተሻለው ይወረዳል። ሸዋ ሮቢት የሚያድር ሰው ደግሞ አጎበር ይያዝ፤ ወባ ያለበት ቆላ ነው።

ወሩን በተመለከተ አጭር ልሁን። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናብና ጉም ነው፤ ልጅ ይዞ የሚወጣበት ጊዜ አይደለም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ምድሩ ለምለም ነው፣ አበባው ደምቋል፤ መሬቱ ግን ገና አልጠነከረም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ ከሁሉ የከፋ ነው። ደመና የሌለበት ሰማይ የመሬቱን ሙቀት አያስቀረውም፤ ሙቀቱ ሽቅብ ይሄድና ከንጋት በፊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወርዶ ሣሩ በውርጭ ይነጣል። ከጥምቀት በኋላ እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ብርዱ በመጠኑ የሚለዝብበት፣ መንገዱ የደረቀበት ነው፤ ተማሪዎች ግማሽ ዓመቱን ጨርሰው የሚያርፉትም በዚያው ሰሞን ስለሆነ ለቤተሰብ ይህን እመርጣለሁ። ከዚያ የበልግ ዝናብ ይጀምራል፤ በልግ ለመንዝ ገበሬ ገብስ በረከት ነው፣ ለመንገደኛ ግን ጭቃና መብረቅ ነው።

ወደ መኝታው ልግባ፤ የንግግሬ እምብርት ይህ ነው። ጓሳ የአካባቢው ማኅበረሰብ የሚያስተዳድረው ሎጅ አለ፤ የቅንጦት ሆቴል ብላችሁ አትጠብቁት። ከመነሣታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ ክፍል መኖሩን ብቻ ሳይሆን ስንት ብርድ ልብስ በአንድ አልጋ እንደሚሰጥ፣ የፍራሹን ውፍረት፣ የውሃውን ምንጭ፣ ማብሰያ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። መልሱ ግልጽ ካልሆነላችሁ ምንም እንደሌለ ቆጥራችሁ ጫኑ። ድንኳን የምትተክሉ ከሆነ ሸለቆው እግር ሥር ከሜዳው ዝቅ ያለ ቦታ አትምረጡ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ተንሸራቶ እዚያ ይጠራቀማል፤ በጥቂት ሜትሮች ከፍ ያለው ተዳፋት ይሻላል። የኮረብታው አናት ደግሞ ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ወገቡ ላይ፣ ከነፋሱ ተከልላችሁ ትከሉ።

አልጋ ሲነጠፍ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብርድ ልብሱን ሁሉ ከላይ በመደራረብ ነው። የተኛንበት በኩል ያለው ልብስ በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ አየር አይይዝም፤ አየር ያልያዘ ልብስ ደግሞ አያሞቅም። ስስ ፍራሽ ላይ የተኛ ልጅ ከላይ አራት ብርድ ልብስ ለብሶ ከሥር ይበርደዋል። ከሥር ሁለት፣ ከላይ አንድ ወፈር ያለ አድርጉ። ድንኳን ውስጥ ከሆነ ከሁሉ በታች ፕላስቲክ፣ ከዚያ ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ፣ ከዚያ ብርድ ልብሶቹ ይምጡ። ለአምስት ሰው ቤተሰብ አሥራ አምስት ብርድ ልብስ ብዙ መስሎ ይታያል፤ ሁለት ልጆች አብረው ከተኙ ግን አሥራ ሁለት ይበቃል። የመንዝ ባና ካገኛችሁ ከላይ የሚደረበው እርሱ ይሁን፤ የበግ ጠጉር ነው፣ እርጥበት ቢነካውም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ የጎደላችሁን እዚሁ ግዙ። ጋቢ ቤት ውስጥ መልካም ነው፤ ጥጥ ስለሆነ ግን ከረጠበ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈጃል። ለጉዞ አትመኑበት።

ልጁን ስታስተኙ ቀን የዋለበትን ልብስ ሁሉ አውልቁለት። ደረቅ ቢመስልም ላብ አለበት፤ ላቡ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ለመኝታ ብቻ የተቀመጠ ደረቅ ሹራብ፣ ሱሪ፣ የሱፍ ኮፍያና ሰፋ ያለ ካልሲ ይልበስ። ካልሲው ከጠበበ ደም አይዘዋወርም፤ እግሩ እንደቀዘቀዘ ያድራል። ከመተኛቱ በፊት አንድ ኩባያ ትኩስ አጥሚት ይጠጣ፣ ይሽና። ፖፖ ክፍሉ ውስጥ ይኑር፤ በሌሊት ከሞቀ አልጋ ተነሥቶ ውርጭ ላይ የወጣ ልጅ መልሶ እስኪሞቅ ድረስ ቤቱ ሁሉ አይተኛም። የነገ ጠዋት ልብሱን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገቡት፤ ሲነሣ የሞቀ ልብስ ይለብሳል። ጭንቅላቱን ሸፍኖ ብርድ ልብስ ውስጥ መተንፈስ የለበትም፤ ትንፋሹ ብርድ ልብሱን ያረጥበዋል፤ ለሕፃን ደግሞ የመታፈን አደጋ አለው።

እግር ማሞቂያው እንዲህ ይዘጋጃል። ክዳኑ የሚጠብቅ የብረት የውሃ ጠርሙስ ውሰዱ። የፈላ ውሃ ከሦስት አራተኛው በላይ አትሙሉት። ክደኑና አፉን ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ እንደማያፈስ አረጋግጡ። በወፍራም ካልሲ ሸፍኑት፤ ልጁ ከመተኛቱ ከሩብ ሰዓት በፊት በእግሩ በኩል አስገቡት። ስስ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለዚህ አይሆንም፤ የፈላ ውሃ ሲገባበት ይጨማደድና ክዳኑ ይላላል። ለጨቅላ ሕፃን አልጋውን ካሞቀ በኋላ ጠርሙሱ ይውጣ።

ስለ ከሰል ረገጥ አድርጌ ልናገር፤ በየዓመቱ በደጋው የሚቀጥፈው ሕይወት ያሳዝናልና። ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ሰው በሚተኛበት ዝግ ክፍል ውስጥ አይገባም። ድንኳን ውስጥማ ጨርሶ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። "ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ ጠፍቷል፣ እንግዲህ ምንም አይልም" የሚለው እምነት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጭስ ባይታይም መርዙ መውጣቱን አያቆምም። ይህ ጋዝ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ኦክስጅን ባነሰበት ከፍታ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል። ይበልጥ የሚያሳስበው የመጀመሪያ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም መሆናቸው ነው፤ ከከፍታ ሕመም ጋር ይምታታሉ። መለያውን ያዙ፦ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከታመሙ፣ ውጭ ወጥተውም ከቀለላቸው ተጠርጣሪው ከሰሉ ነው። በሩን ከፍቶ ሁሉንም ማውጣት፣ ከዚያ ወደ ሕክምና። ክፍሉን ማሞቅ የፈለገ ከመኝታ በፊት በርና መስኮት ከፍቶ አሙቆ፣ ምድጃውን አውጥቶ፣ አየሩን አናፍሶ ይዝጋ። ልጆች መኪና ውስጥ ተኝተው ሞተር አስነሥቶ ማሞቅም ያው አደጋ አለው።

የቀን ልብስ ከዚህ ይቀላል። ከሥር ሥጋን የሚነካው ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ከዚያ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። አንድ ወፍራም ካፖርት ከሦስት ስስ ልብስ አይሻልም፤ ልጅ ሲሞቀው የሚያወልቀው፣ ሲበርደው የሚደርበው ነገር ይፈልጋል። ጓንት ሁለት ሁለት ያዙ፤ አንዱ መጥፋቱ አይቀርም። ፀሐይዋ ብርድ ስላለ የማትፋጅ ትመስላለች፤ ነገር ግን ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ለከንፈር ቫዝሊን።

ስለ ምግብ። ጓሳ ላይ ውሃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ሽንብራና ባቄላ ሲቀቀል ይታያል፤ ማገዶ ያልቃል እህሉ አይበስልም። ስለዚህ ጥራጥሬ ከሆነ ከቤት ቀቅላችሁ ውሰዱ ወይም በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ያዙ። ሽሮ፣ የምስር ክክ፣ የአጃ ሾርባ፣ እንቁላል አያስቸግሩም። የመጀመሪያው ቀን ማታ ማንም ብዙ አይበላም፤ ይህ የከፍታ ጠባይ ስለሆነ ልጁን አትቆጡት። ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ስጡት። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቴምር፣ ሙዝ በኪስ የሚያዙ ናቸው። በሶ በማር የተለወሰ ለልጅ የተራራ ስንቅ ከሚሆኑት ሁሉ የምመርጠው ነው፤ አይበላሽም፣ ማብሰያ አይሻም፣ በብርድም አይደርቅም። ማር ግን ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም።

ውሃ ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን 4 ሊትር አስቡ። ለአምስት ሰው ለሁለት ቀን 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ለመታጠቢያ የምንጭ ውሃ ይበቃል። የምንጭ ውሃ ለመጠጥ ካስፈለገ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ጠዋት ላይ ጀሪካኑ አፉ ላይ በረዶ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ለቁርስ የሚሆነውን ማታውኑ አፍልታችሁ ፔርሙዝ ውስጥ አኑሩ። የጋዝ ምድጃ የምትጠቀሙ ከሆነ ሲሊንደሩ ውጭ አይደር፤ በቀዘቀዘ መጠን ግፊቱ ስለሚወርድ እሳቱ ይደክማል። እሳት አጠገብ አስጠግቶ ማሞቅ ግን ፍንዳታ መጥራት ነው። ማገዶ ከቦታው አይለቀምም፤ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦም ጓሳ የሚባለው ሣሩም የማኅበረሰቡ ነው።

ይህን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ምድር እስከ ዛሬ ሣሩን የጠበቀው የመንዝ ሰው ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው ስለኖረ ነው። ጓሳው ለዓመታት ተከልክሎ ይቆያል፤ ሲደርስ በአንድነት ይታጨዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይሆናል። ልጆቻችሁ ከማንኛውም እንስሳ በፊት ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል፤ በየሣሩ መካከል ከመሮጥ ይልቅ በተረገጠው መንገድ የሚሄዱበትን ምክንያት ይረዱታል።

መንገዱ። ከሁሉ በፊት በዚያ ሳምንት የመንገዱ ሰላም ምን እንደሚመስል እዚያው ካሉ ሰዎች ጠይቁ፤ ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቅር። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጓሳ ድረስ በድምሩ 260 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከደብረ ብርሃን ወጥታችሁ ጣርማበር ላይ፣ ዋሻው ጋ ሳትደርሱ ወደ ግራ ወደ መሐል ሜዳ ትታጠፋላችሁ፤ ጓሳ ከመሐል ሜዳ በፊት ነው። ጣርማበርን ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ማለፍ ይመረጣል። ከቆላው ሞቆ የሚወጣው እርጥብ አየር ገደሉን ተደግፎ ሲወጣ ቀዝቅዞ ጉም ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ይወፍራል። ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት አታብሩ፤ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችሁን ይወጋል። አጭሩን አብርታችሁ ፍጥነት ቀንሱ።

ነዳጅ ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ አድርጉ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ኃይሉን ስለሚያጣ ዳገት ላይ ዝቅ ባለ ማርሽ መውጣት ግድ ነው፤ ሙሉ ጭነትና ሰባት ሰው አብሮ አይኬድም። ቁልቁለቱንም በማርሽ ውረዱ። ፍሬን ላይ ብቻ የተመካ ሰው ደብረ ሲና ሳይደርስ ፍሬኑ ግሎ ሊይዝለት እምቢ ይላል። የመኪናው ባትሪ ዜሮ ዲግሪ ላይ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ አሮጌ ከሆነ ጠዋት አያስነሣም። ከመነሣታችሁ በፊት አስፈትሹት፤ የማስነሻ ገመድ ያዙ፤ መኪናውን ቁልቁል አቁማችሁ እደሩ። ቅያሪ ጎማው ነፋስ እንዳለው እዩ። ክሪኩ ለስላሳ መሬት ላይ ስለሚሰምጥ ከሥሩ የሚደረግ የሣንቃ ቁራጭ መኪናው ውስጥ ይኑር። ስልካችሁም በብርድ ባትሪው ቶሎ ይሞታል፤ ሌሊት ከሰውነታችሁ ጋር ይደር።

አሁን ወደ ጭላዳው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ዋና ምግቡ ሣር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲነጭ ይውላል። ስለዚህ ልጆችን ከውርጩ ጋር በሌሊት መቀስቀስ አያስፈልግም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ቁርስ በልተው፣ ገደሉ ጫፍ አካባቢ መሄድ ይበቃል። ጫፉ ላይ ግን ትንንሾቹ በእጅ ይያዙ። ምግብ አትስጧቸው፣ በሩጫ አትቅረቧቸው። ወንዱ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ የገረጣ የዓይን ቆቡን ካሳየ፣ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካወጣ ማስጠንቀቁ ነው፤ ልጆች ሣቀልኝ ብለው ይቀርባሉ። ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። ቀይ ቀበሮው አይጥ አዳኝ ነው፤ አብዛኛውን የሚያድነውም ቀን ነው። የአይጥ ጉድጓድ በበዛበት ሜዳ ላይ ድምፅ ሳታሰሙ ተቀምጣችሁ ብትጠብቁ ከመዞር የተሻለ ዕድል አላችሁ። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፤ ያለውም ኢትዮጵያ ብቻ ነው። ውሻ ይዛችሁ እንዳትመጡ አደራ የምለው ለዚህ ነው፤ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ይህን እንስሳ ባሌ ላይ በብዛት ጨርሶታል። ቀና ብላችሁም እዩ፤ አጥንት ከሰማይ አለት ላይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላው ትልቅ አሞራ በዚህ ገደል ላይ ይንሳፈፋል።

የእግር ጉዞውን በትንሹ ልጅ እርምጃ ለኩት። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያለ ልጅ በዚህ ከፍታ በሰዓት ከሁለት ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ደርሶ መልስ አራት ኪሎ ሜትር ለአንድ ጠዋት በቂ ነው። መንገድ መሪ ያዙ፤ ሜዳው ሁሉ ይመሳሰላል፣ ጉም ሲወርድ አቅጣጫ ይጠፋል። ለእያንዳንዱ ልጅ ፊሽካ አንገቱ ላይ እሰሩለት፤ ከጠፋ ባለበት ቆሞ እንዲነፋ አስተምሩት። ነጎድጓድ ከተሰማ ከአናቱ ውረዱ። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ማንም ከማደሪያው አይራቅ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል።

የመድኃኒት ቦርሳው ትንሽ ነው፦ ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት መጠን፣ ቢያንስ አራት ፓኬት ኦአርኤስ (የጠፋ ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት)፣ ቴርሞሜትር፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ የሚወስዱት የዘወትር መድኃኒት። ፓራሲታሞል ለአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ300 ሚሊ ግራም አይበልጥም፣ በ6 ሰዓት ልዩነት ይሰጣል። የእንቅልፍ መድኃኒት ለማንም አይሰጥ፤ አተነፋፈስ ያዳክማል። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ልጅ ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን አቁሞ ከፈዘዘ ተሻለው አትበሉ፤ ሰውነቱ ተሸንፏል ማለት ነው። እርጥቡን አውልቃችሁ ገላችሁ ላይ አስጠግታችሁ ብርድ ልብስ ደርቡበት፤ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ትኩስና ጣፋጭ ነገር አጠጡት፤ ወደ ሕክምናም ይዛችሁት ሂዱ። ሆስፒታል መሐል ሜዳም ደብረ ብርሃንም አለ።

ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ላላችሁ የምመክረው ሌላ ነው። ጓሳን ለሚቀጥሉት ዓመታት አቆዩትና አንኮበር ሂዱ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጓሳ በብዙ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሌሊቱ ይቀላል። የምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ ሆኖ እስከ አፋር ቆላ የሚወርደውን ገደል ማየት ይቻላል፤ የወፍ ዋሻ ደን ጽድና ዝግባም ሩቅ አይደለም። ሕፃኑ ከታመመ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ቅርብ ነው። ለዚያም ቢሆን ብርድ ልብሱ ከሥር ሁለት፣ ከላይ አንድ ነው፤ ከሰሉም ውጭ ያድራል።